ከነቴፑ የተሸጠች መኪና

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

መኪናዋ ተሸጠች።

ገዢው ናትናኤል የሚባል የላምበረት ልጅ ነው። ዞሮ አያት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት፣ ጎማ ረገጠ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና «ቴፑም አብሮ ነው አይደል ጋሼ?» አለኝ።

«ከነቴፑ» አልኩት።

ስሙን የምናዛውረው የሚመጣው ሰኞ ነው። እስከዚያ እኔ ጋ ትቆያለች።

ከነቴፑ ማለቴ ምን እንደሆነ የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አስቴርን ሳገባ አንድ ስምምነት ነበረን። እሷ የጴንጤ አዳራሽ ልጅ ናት፣ ሆሳዕና ከተማ መዘምራን ውስጥ ያደገች። እኔ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። እሑድ በየፊናችን ሄደን ምሳ አብረን እንበላለን፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ዘፈን ግን የቤታችንን ደጃፍ አያልፍም። ይቺን መኪና ስንገዛ፣ መኪና ቤት አይደለም ብዬ ካሴቶቼን በፓስታ ካርቶን ከኋላ ጫንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፎቅ ከመውጣቴ በፊት ግቢው ውስጥ አቆማትና የካሴት አንድ ገጽ እሰማለሁ። አስቴር ታውቃለች። «ጨረስክ?» ትለኛለች ስገባ።

አሁን የት ልሰማ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ልጄ ቃልኪዳን ሣቀችብኝ። «አባቢ፣ ሁሉም እኮ ኦንላይን አለ።» የጆሮ ማዳመጫዋን ሰጠችኝ። ሞከርኩት። ዘፋኙ የራስ ቅሌ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ዘፋኝ ፊት ለፊቴ ሲቆም ነው የምወደው።

«እሺ፣ እስከ ሰኞ አንድ በአንድ ተሰናበታቸው» አለች። «ሰዎች እኮ ክላሲክ አልበሞችን እየሰሙ የተሰማቸውን ይጽፋሉ። ሲሪየስሊ። አንተም ጻፍ። ከአስር ስንት እንደሆነም ንገረን።»

ደብተሩን ያመጣችው እሷ ናት። ማርክ ግን እንደማልሰጥ ነገርኳት። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ማርክ ስሰጥ ነው የምውለው።

የመጀመሪያው፦ የድሮ ኦርኬስትራ ያጀበው አማርኛ። ተማሪ እያለሁ ስሰማው ግጥሙን ነበር የምሰማው፣ በተለይ የከዳችውን ሴት። አሁን ሴትየዋ ደህና ትሁን። ጆሮዬ ቤዝ ጊታሩ ላይ ነው። ሰውየው ከኋላ ቆሞ ሁሉንም ተሸክሞ ይሄዳል፣ አንድም ቦታ «እዩኝ» አይልም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ትራምፔት ነፊው ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ድሮ የካሴቱ ችግር ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ነው የዘገየው። ስህተቱ ባይኖር ያ ዘፈን ይሰለቸኝ ነበር።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ደበበ መስኮቱ ላይ ተደገፉ። «መምህር፣ ከፍ አድርጋት እንጂ። እንደ ሌባ ነው የምትሰማው።» እሳቸው ጎጇቸው ውስጥ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ቴፕ አላቸው፤ ከባትሪ ጋር በሽቦ አያይዘው ቀኑን ሙሉ ዜና ይሰሙበታል።

ካሴቱን ለማውጣት ማንኪያ ያስፈልጋል። ቴፑ መትፋት ካቆመ ቆይቷል፤ በማንኪያ እጀታ ከሥር ካላነሱት አይለቅም። ማንኪያዋ በር ኪስ ውስጥ ናት።

ካርቶኑን ሳገላብጥ ባዶው ማቀፊያ እንደገና እጄ ገባ። የጥቁር አሜሪካዊ የሶል አልበም፤ ሽፋኑ ላይ ጎፈሬያም ሰውዬ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ካሴቱ የለም። ጌታቸው የሚባል ጓደኛዬ ከማግባቴ በፊት ተውሶ አልመለሰውም። እስከ ዛሬ በተገናኘን ቁጥር እጠይቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ይክዳል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሬጌ። ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ መንገድ ተዘጋግቶ፣ ሁለቱንም ገጽ ጨረስኩ።

አገራችንን ሳያዩ ስለ አገራችን የሚዘፍኑ ሰዎች ናቸው። በነሱ ዘፈን ውስጥ እዚህ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ሰው ሁሉ ተረጋግቷል፣ ማንም አይቸኩልም። ይህን እየሰማሁ ከፊቴ አንድ ሚኒባስ የኔ መስመር ውስጥ ገብቶ መስታወቴን ሊወስደው ነበር። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሊሰድበኝ ሲል ዘፈኑን ሰማና ተወው። ራሱን እየነቀነቀ «ፋዘር፣ ይመችህ» አለኝ። የተቆጣ ረዳት የሚያበርድ አልበም ነው። ሌላ ምን ልጻፍ?

አስቴር ሳህን ስታጥብ የምታንጎራጉራት ዜማ አለች፣ ቃል የሌላት። ዛሬም ነበረች። አንድ ቦታ ላይ ትወጣና ትሰበራለች። ብዙ መዝሙር ሰምቻለሁ ከእሷ ጋር። ይህን ግን የትኛው መዝሙር እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ካንትሪ። ይህ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳሁት ነው። ያኔ ቀጂው ልጅ ሁለት አልበም በአንድ ካሴት ይጨምቅና ክሩ ሲያልቅበት የመጨረሻውን ዘፈን ባለበት ይቆርጠዋል። ስለዚህ የካንትሪው ሰውዬ ባቡር ተሳፍሮ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፣ ድልድይ ያልፋል፣ የመንደሩን መብራት ያያል፣ ከዚያ ቀጭ። ሁሌም እዚያው ነው የሚቀረው። ስንት ሌሊት የደረሰ ይመስለኝ ነበር።

ለቃልኪዳን ነገርኳት። መኪናው ውስጥ ገብታ በስልኳ አገኘችውና ቀሪውን አሰማችኝ። ሰውየው አይወርድም። እናቱ ቤት ጋ ሲደርስ ያፍርና ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያልፋል። ድምፁ እያነሰ፣ እያነሰ፣ አለቀ።

«ዋው» አለች ቃልኪዳን። «ልብ ይሰብራል።»

እኔ ተናደድኩ። የቀጂው ልጅ መጨረሻ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ህንድ፣ የፊልም ዘፈኖች። አንድም ቃል አይገባኝም፣ ሁሉም ታሪክ ግን ይገባኛል። ሴትየዋ ስትዘፍን ተናዳለች፤ ሰውየው ሲመልስ እየዋሸ ነው። ልጅ ሆነን ሲኒማ ያየነውን ሰፈር ተመልሰን እንተውነው ነበር፤ ዛፍ ሲጠፋ የስልክ እንጨት እንዞራለን።

ቀጥሎ ሱዳን። የዚህንም ቋንቋ አልሰማውም፣ ግን ቅኝቱ የእኛው ስለሆነ ባዕድ አይመስለኝም። ቫዮሊኖቹ አንድ ላይ ሲነሡ ትከሻዬ ሳላዘው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ደበበ ከበሩ ሆነው አይተውኛል። «መምህር፣ መኪናዋን ሸጠህ ነው እንዲህ ደስ ያለህ?» አሉ።

ናትናኤል ደወለ። ሐሳቤን እንዳልቀየርኩ ሊያጣራ ነው። አልቀየርኩም። ቦሌ ሚካኤል ያለው መካኒኬ «ሰይፉ፣ ይቺን ማሳከም ተውና ቅበራት» ካለኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ትምህርት ቤቱም በእግር ይደረሳል። መሸጧ ትክክል ነው። ችግሩ የቴፑ ብቻ ነው።

ለአስቴር «አንዲት ትንሽ ቴፕ ገዝቼ መኝታ ቤት፣ በር ዘግቼ» ብዬ ልጀምር አሰብኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አልጀመርኩም። ቃል ቃል ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በሥርዓት ልጻፈው።

ከሰዓት አስቴርን ወደ አዳራሽ ላደርሳት ወጣን። እሷ ስትገባ የእኔ ካሴት ወጥቶ የእሷ ይገባል፤ ይህም የስምምነቱ አካል ነው። ያላት አንድ ካሴት ነው፣ ከመሪው ጎን ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፋ «ሆሳዕና» ብላ የጻፈችበት። ልንጋባ ሰሞን መዘምራኑን ልትሰናበት ሄዳ ልምምዳቸውን የቀዳችው ነው። የእሷ ድምፅ ከዚያ ሌላ የትም አልተቀረጸም። ሁለተኛው መስመር ላይ ናት፤ እኔ ከሁሉም ለይቼ እሰማታለሁ።

ይህን ካሴት እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ወይ እንደርሳለን ወይ ታጠፋዋለች። ዛሬ ቦሌ ሚካኤል ጋ መንገዱ ቀጥ አለ። አንድ የጭነት መኪና መሐል ላይ ተበላሽቶ ሰዉ ሁሉ ጥሩንባ ላይ ነው። አስቴር ቅዳሜ ገበያውን እያየች ነበር። መዝሙሩ አለቀ። «አሜን» አሉ። ወንበር ተጎተተ። አንድ ሰው ሣቀ። ከዚያ የባዶ ክር ሽሽታ።

ከዚያ ሳክስፎን፣ ከመሐሉ የጀመረ።

ነጭ ልብስ የለበሰው ሰውዬ ነው። የመጨረሻው ዘፈን። አንድ ቦታ ላይ ይወጣና ይሰበራል። የሳህኗ ዜማ።

አስቴር እጇን ወደ ቴፑ ሰደደች፣ ከዚያ መለሰችው። በመስኮት እያየች ነው።

«አስቱ።»

«አቤት።»

«ይሄ የኔ ካሴት ነው።»

«ባዶ መስሎኝ ነበር ያነሳሁት።»

ሙዚቃ ቤት የተሸጠ ካሴት እንዳይቀዳበት ከላይ ጥርሱ ይሰበራል። ሊቀዳበት የፈለገ ሰው ቀዳዳውን በወረቀት መወተፍ አለበት።

«ቀዳዳውን ምን አደረግሽው?»

«ወረቀት ወተፍኩበት።»

«ባዶ ካሴት ይወተፋል?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

የምነዳበት መንገድ አልነበረም። ዘፈኑ ቀጠለ። ጣቷ ቦርሳዋ ላይ እየመታች ነው፣ ልክ በልኩ።

«ይሄን የቀረውን ለምን አላጠፋሽውም?»

«መዝሙሩ አለቀ። ትርፍ ቦታ ነው።»

«የት ነው የምትሰሚው?»

«ሥጋ ቤት ስትገባ ትቆያለህ» አለች። «ወሬ ታበዛለህ እዚያ።»

ስንት ዓመት «ውረጂ፣ አብረን እንግባ» ብያታለሁ። «መኪናዋን ልጠብቅ» ትለኝ ነበር።

«ዘፈን ነው እኮ» አልኳት።

«ቃሉን አልሰማውም። እንግሊዝኛ አይገባኝም።»

«አስቱ፣ ባንክ ነው የምትሠሪው።»

«ዘፈን ላይ አይገባኝም» አለች። እሷ ቀድማ ሣቀች። እኔ ተከተልኩ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጥሩንባውን ነፋ፤ ለካ መንገዱ ተከፍቷል።

አዳራሹ በር ላይ ስትወርድ «ለማንም አትንገር» አለችኝ። ደብተርን ማን ሰው ብሎ ይቆጥረዋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ መልስ መኪናዋን አጠብኩ። ጃዝ ከጋሽ ደበበ ሬዲዮ ሰማሁ፤ የጃዝ ካሴት የለኝም፣ ግን አንድ ጣቢያ እሑድ እሑድ አንድ ሙሉ አልበም ያስተላልፋል። ፒያኖው መልስ የማይፈልግ ጥያቄ የሚጠይቅ ይመስላል። ጫማዬ ርሶ፣ ጨርቅ ይዤ፣ ቆሜ ጨረስኩት። ከአስር ስጥ ብባል እምቢ የምለው ለዚህ ነው።

ለጌታቸው ደወልኩ። «ካሴቱን አንተ አልወሰድክም» አልኩት።

«ዛሬ ምን ታየህ?»

«ተገኘ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ስድር እንኳ ሙሽሮቹ ፊት ጠይቀኸኛል» አለ። ምሳ ጋብዤዋለሁ። አንዴ አይበቃም አለ።

ዕቃ አወጣሁ። ጃንጥላ፣ የፈተና ወረቀት፣ አንድ የቃልኪዳን የልጅነት ጫማ። ወንበር ሥር ሳይቀር ፈተሽኩ። ማንኪያዋን ለአስቴር መለስኩላት፤ ለካ ከስብስብ የጎደለች ነበረች። የካሴቱን ካርቶን ደጃፍ ላይ አኖርኩት፣ ነገ ትምህርት ቤት ልወስደው ብዬ።

አስቴር አየችው። «እዚያ ምን ይሠራል?»

«ነገ አነሣዋለሁ።»

«ሰው ያደናቅፋል። አስገባው» አለች። «ካርቶን አይዘፍንም።»

አስገባሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ይህን የምጽፈው ስም ማዛወሪያው ቢሮ፣ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ናትናኤል አጠገቤ ነው። ከእኛ በፊት ጥቂት ሰው ቀርቷል። መኪናዋ ውጪ ቆማለች፤ ቁልፏን ጠዋት ሰጥቼዋለሁ። ሙሉ መንገድ እሱ ነዳ፣ እኔ ስለ ፍሬኗ ባሕርይ ነገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው።

«ቴፑን ለምን ፈለግከው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ ወሬ ልጀምር ብዬ።

«ክሩስኮቱ ላይ ቀዳዳ እንዳይኖር ነው እንጂ ጋሼ» አለ። «ነገ ስክሪን አስገባለሁ። እሱን ለቆራሌው ነው የምሰጠው።»

ወደ ደብተሬ ተመለስኩ።

አስቴር አሁን ደወለች። የዛሬ ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ አልነበረም።

«ካሴቱን የት አኖርከው?»

«ካርቶኑ ውስጥ ነው ሁሉም።»

«የኔን ነው የምልህ። ጠዋት ፈለግኩት፣ የለም።»

ሁሉን ፈትሻለሁ። ወንበር ሥር ፈትሻለሁ። ቅዳሜ ስናቆማት ማን አወጣው? ማንም። ማንኪያዋን ማጠቢያው አጠገብ ያኖርኳት እኔ ነኝ።

«ቴፑ ውስጥ ነው» አልኩ።

የዚያን ዘመን ድምፅዋ እዚያ ነው ያለው፤ የቀረው የኔ ዘፈንም እዚያው። ቆራሌው ደግሞ ነገ ነው።

«አስቱ፣ ያለ ማንኪያ አይወጣም። ከነቴፑ ነቅዬ ይዤው ብመጣስ?»

ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነው። እሷ ጋ የሰው ወሬ፣ የወረቀት ማሽን፣ ከዚያ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ቤት ውስጥ ይሠራል?»

«የጋሽ ደበበ ይሠራል።»

«ኩሽና መደርደሪያው ላይ ቦታ አለ» አለች። «ግን የኔ ካሴት ብቻ ነው የሚገባበት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው» አለችና ዘጋችው።

ለናትናኤል ነገርኩት። ለአንድ አሮጌ ካሴት ይህ ሁሉ ምንድን ነው እንደሚል ጠብቄ ነበር። «ቀዳዳው ይቀራል ማለት ነው?» ብቻ አለ።

«ስክሪኑ ይሸፍነዋል። ካቻቢቴ ግን ያስፈልገኛል። ከኋላ ከክሪኩ ጋር ነው፤ እሱንም አብሬ ሸጬልሃለሁ።»

ቁልፉን እየሣቀ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ተራችን ደርሷል እኮ።»

እውነቱን ነው፤ ሴትየዋ የእኛን ቁጥር እየጠራች ነው። ናትናኤል ወደ መስኮቱ ሄዷል። እኔ ወደ በሩ እየሄድኩ ነው።