በአንቀልባ የታዘለው ቅል

ከዓይኔ ብትርቂም ከዱዓዬ ለማትርቂው ለታናሽ እህቴ ለመስኡዳ፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሽልኛል? ጤናሽስ? ወገብሽስ? እግርሽ ማበጡን ተወ? ባልሽ ሙሀይሚንስ ደህና ነው? የሻርጃ ሙቀት ገና ከግንቦት ጀምሮ ሰው ይቀቅላል ሲሉ ሰምቼ፣ አንቺን ከነሆድሽ እያሰብኩ ጨነቀኝ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። አባ ደህና ነው፣ ኡስማንም ደህና ነው። አሪፋዬ ጥርስ ልታወጣ ነው መሰል ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ሐይቁም እንደነበረ አለ፤ እሱን የሚያሸሸው ጦርነት የለም።

የምጽፍልሽን በስልክ ብነግርሽ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ካርዱም መሀል ላይ ያልቃል። የጎረቤታችን የአብደላ ልጅ ኑርዬ ወደዚያው ሊመለስ ነው ሲሉኝ ተቀምጦ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

ሙሀይሚን ነግሮኛል፤ አትቆጪው። ሐኪምሽ ለሆድሽ ያዘዘችልሽን እንክብል አልውጥም ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ከትተሻል አሉ። «ውስጡ ነፍስ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉበት፤ ልጅ በያዘ ሆድ ላይ እንዴት አድርጌ እጨምራለሁ» አልሽ አሉ። ስሰማ ሳቅሁ። እማ ሳታይ ከቅሉ ሥር እርጎ በጣትሽ እየዛቅሽ ያደግሽው አንቺ፣ ዛሬ ነፍስ ያለው ነገር አልውጥም ትያለሽ? ቀጥሎ የነገረኝ ግን ሳቄን አጠፋው። «እናቴን አልቀበርኩ፤ ከእሷ የቀረኝ አንድም ነገር የለም፤ ለልጄ ባዶ ሆኜ ነው የምወልደው» ብለሽ ምግብም ቀንሰሻል አለኝ። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ከሐይቅ የወጣን ቀን የሆነውን በደንብ አልነገርኩሽም። ተኩሱ ከከተማው አፍ ሲደርስ ሰው ሁሉ የቻለውን ተሸከመ፤ ማን ብርድ ልብስ፣ ማን ጤፍ፣ ማን የበሩን ቁልፍ ብቻ። እማ ለሚወለደው ልጅ ያሰናዳችውን አንቀልባ አነሳችና የወተቱን ቅል አዘለችበት። ሥሩ ላይ ትንሽ እርጎ ቀርቶበት ነበር። ኡስማን እርጉዝ ሚስቱን፣ እኔን፣ ደግፎ፣ አባ ጆንያ ተሸክሞ፣ እማ ቅል አዝላ ከፊት ከፊት ስትሄድ ብታያት በዚያ ጭንቅም ቢሆን ትስቂ ነበር። ኡስማን አላስችል ብሎት፣ «ኸረ እማ፣ እህል በሚጣልበት ቀን ቅል ምን ያደርግልዎታል?» አላት። «እህልስ ተለምኖም ይገኛል። ይሄ ከጠፋ ከየት ይመጣል?» አለችው። አንቀልባውን ጠበቅ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

አምባሰል ላይ፣ ከአስፋልቱ የራቀች መንደር ውስጥ፣ እትዬ አንጓች የሚባሉ ባልቴት ተቀበሉን። ክርስቲያን ናቸው። ለስግደታችሁ ብለው የጓዳቸውን ዕቃ ሁሉ አውጥተው ደጅ ከመሩት። አንዲት ላም ነበረቻቸው።

እኔ በዚያ ሰሞን ለኢንፌክሽን የተሰጠኝ መድኃኒት ሆዴን አገለባብጦት የበላሁት አልረጋ ብሎኝ ነበር። ከእኛው ጋር የተፈናቀለች ራህመት የምትባል አዋላጅ ነርስ አየችኝና፣ «መድኃኒቱ ክፉዎቹን ሲገድል ደጋጎቹንም አብሮ ጠርጎብሻል፤ ሆድ ውስጥ ለጤናችን የሚኖሩ ጥቃቅን ነዋሪዎች አሉ» አለችኝ። እማ ይህን ሰምታ ቅሏን አወጣች። ራህመት፣ ወተቱ መጀመሪያ ይፍላ፣ ጥሬ ወተት ለእርጉዝ አይሆንም አለች። እማ እያጉረመረመች አፈላችው። ለብ ሲል ከቅሉ ሥር በቀረችው እርጎ ላይ ገለበጠችው። በማግስቱ ስትከፍተው ረግቷል። ያው የቤታችን እርጎ፣ ያው የወይራ ጭስ ሽታ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ሆዴም ውሎ አድሮ ተሻለው። እርጎው ይሁን ጊዜው አላውቅም፤ ራህመትም እርግጠኛ ሆና አልተናገረችም። እትዬ አንጓች ግን እርጎውን እንደቀመሱ ለራሳቸውም ቅል ከእማ እርሾ ለመኑ።

አሪፋ የተወለደችው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። እትዬ አንጓች በአንድ በኩል ማርያምን ይጠራሉ፣ እማ በሌላው በኩል ያ አላህ ትላለች፤ እኔ ከመሀል ሆኜ ለሁለቱም አሚን እላለሁ። ልጅቷ እንደወጣች እማ እንገሩን፣ ያን ቢጫውን የመጀመሪያ ወተት፣ አልበሽ ድፊው አለችኝ። ቆሻሻ ነው፣ እስኪጠራ ቅቤ እናቅምሳት አለች። ራህመት እጇን ያዘቻት። «እማ ዑምኩልሱም፣ ጥጃ የላሟን እንገር ካልጠባ አይበረታም የምትሉ እናንተ ናችሁ። የሰው ልጅ ከጥጃ ያንሳል?» አለቻት። እትዬ አንጓች ሳቃቸውን ለቀቁት። እማ ስትሸነፍ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ሕፃኗን ራሷ ጡቴ ላይ አደረገችልኝ።

ያን ጊዜ ራህመት የተናገረችውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። ልጅ የመጀመሪያዎቹን የሆድ ነዋሪዎች አብዛኛውን ከእናቱ ይወስዳል አለች፤ ሲወለድ፣ ሲታቀፍ፣ ሲጠባ። በጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው ምግብ አለ፤ ለእነዚያ ለጥቃቅኖቹ የተቀመጠ ነው አለች። እስቲ አስቢው መስኡዳ። ዓይን የማያየው ፍጥረት፣ ገና ከመምጣቱ ቀለቡ ከእኔ ደረት ውስጥ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው። ደጅ ጦርነት ነው፤ የነገ ምሳችንን አናውቅም፤ የእነሱ ግን ተሰናድቷል። እማ ጎንበስ ብላ አሪፋ ስትጠባ አየች። ከዚያ፣ «ሱብሃነላህ። እኔ ልጆቼን ሳጠባ ብቻቸውን የሚጠቡ መስሎኝ ነበር» አለች።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። የስኳር መድኃኒቷ አለቀ፤ መንገዱ ዝግ ነበር፤ አሪፋ ዐርባዋን ሳትደፍን እማ ወደ አኼራ ሄደች። እትዬ አንጓች እንደ እህት ነው ያለቀሱላት። ታኅሣሥ ላይ ወደ ቤታችን ስንመለስ ቅሉን ኡስማን ያዘው፤ ለማንም አልሰጥም አለ። ቁልቁለቱ ላይ አዳለጠውና ቅሉ ወድቆ ተሰበረ። ያ «ቅል ምን ያደርጋል» ያለው ሰው ስባሪውን እየለቀመ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አባ አቅፎ አነሳው። ቤታችን ስንደርስ ላሞቻችንም ተነድተው የሉም። እኔም እንደ አንቺ፣ በቃ፣ የእማ ነገር አለቀ አልኩ።

ከኢድ በኋላ ግን አሪፋን ይዤ እትዬ አንጓችን ልጠይቅ ሄድኩ። የቅሉን ነገር እያለቀስኩ ብነግራቸው ገርሟቸው አዩኝ። «ምን ያስለቅስሻል ልጄ? የዑምኩልሱም እኮ እኔ ዘንድ አለ፤ አንድም ቀን አላቋረጥኩትም» ብለው አዲስ ቅል በወይራ አጥነው፣ ከእርጎው ጨምረው ሰጡኝ። ዛሬ በጎረቤት ወተት ቤታችን ይረጋል። አባ የቀመሰ ዕለት ዱዓ አደረገና ቀስ ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ራህመት እዚሁ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ናት፤ ሄጄ ስለ አንቺ ጠየቅኋት። እርጎውም እንክብሉም እንግዳ ነው፣ ይገባል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል፤ ከእናት የተወረሱት ግን ሁሉም ባይሆኑ ጥቂቶቹ ዕድሜ ልክ ከሰው ጋር ሊኖሩ ይችላሉ አለችኝ። «መስኡዳ ምንም አልቀረኝም ማለቷ ስህተት ነው፤ እናቷ ከውስጧ አልወጣችም» አለች። ይህን ሰምቼ ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቴ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። እማ ከእናቷ፣ እኛ ከእማ፣ አሪፋ ከእኔ፤ ሳናውቀው ስንቀባበል የኖርነው ነገር አለ። ጦርነት ቤት ያቃጥላል፣ ላም ይነዳል፣ ይህን ግን አላገኘውም።

ስለዚህ አብሽሪ። ብዪ፣ ለሁለት ነው የምትበይው። እንክብሉንም ሐኪምሽ እንዳዘዘችው ዋጪ፤ እንግዳ ነው፣ የወሎ ልጅ እንግዳ አይመልስም። ሽፋኑ ከሐራም እንስሳ ይሆን ብለሽ ከተጠራጠርሽ ፋርማሲውን ጠይቂ፤ ከአትክልት የተሠራም አለ ብላለች ራህመት።

እርጎ እንዲያደርስልሽ ኑርዬን ለምኜው፣ ቅል አዝዬ አውሮፕላን አልሳፈርም ብሎ አሳቀኝ። አንቀልባውን ግን ሻንጣው ውስጥ ከትቶልሻል። መጀመሪያ የታዘለበት ቅሉ ነው፤ ቀጥሎ አሪፋ። አላጠብኩትም፤ አሽትቺው።

አባ በዱዓው ይመርቅሻል፣ ግንባርሽንም ይስማል። ኡስማን ሰላም ብሎሻል፣ ስለ ቅሉ እንዳታነሺበት ይለምንሻል። እትዬ አንጓች ማርያም በሰላም ትገላግልሽ ብለዋል፤ አሚን በይ። ራህመት ሰላም ትልሻለች። አሪፋ ይህን ወረቀት ጫፉን ነክሳዋለች፤ የእሷ ሰላምታ እሱ ነው። ሙሀይሚንን ሰላም በይልኝ። ሆድሽ ውስጥ ላለው ደግሞ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ፤ አያትህ ቀድማህ ገብታ ቤቱን እያሰናዳችልህ ነው በይው።

እህትሽ ረቢያ
ሐይቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.