የቀኝ ወንበር ሰዓት

እሑድ

የዛሬውን ሰዓት የበረራ መዝገቤ ላይ ልመዝግበው ወይስ ልተወው? ዛሬ እስራኤል ደቡብ ጫፍ፣ ኤላት ደርሼ መጣሁ፤ የሙከራ በረራ። ዋና አብራሪው ኡሪ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ከኋላችን በመሄጃም በመመለሻም አራት ተሳፋሪ። አንድ አውሮፕላን የሚያከራይ የቻርተር ድርጅት ረዳት አብራሪ አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። እሺ ካልኩ ቤኤር ያዕቆብ ከተማ መጋዘን ውስጥ ያለኝን ቋሚ ሥራ እለቃለሁ። የምለቀው ለበረራ ሰዓት ስል ብቻ ነው፤ ያለ ሰዓት ትልቅ አየር መንገድ ዞር ብሎም አያየኝም።

ችግሩ፣ አውሮፕላኗ በወረቀት አንድ አብራሪ ይበቃታል፤ ስለዚህ የቀኝ ወንበሩ ሰዓት ላይቆጠርልኝ ይችላል። ኡሪ፣ "ያላ፣ በይ ሁሉንም መዝግቢ" አለኝ። በረራ ያስተማረኝ ሰውዬ ደግሞ በስልክ፣ "እንዳትሞክሪው! ነገ ቀጣሪ አይቶት ውሸታም ይልሻል" አለኝ። ማንን ልስማ?

ሰኞ

ትላንት ያልጻፍኩት ነገር አለ። የአየር ተቆጣጣሪዋ ስድስት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ቁሙ አለችን። ኡሪ አልፎ መውጣቱን ቀጠለ። አየሁ። አፌ ግን አልከፈት አለ። ኡሪ የአባዬ እኩያ ነው፤ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው አይታረምም ተብዬ ነው ያደግኩት። ተቆጣጣሪዋ ራሷ ጮኸችበት፣ ወረደ፣ ምንም አልሆንንም። ታዲያ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ምን ነበርኩ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስደረድር አፍሬ ዋልኩ።

ማክሰኞ

የአብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ሦስት ሰው ተቀባበለኝ። የመጨረሻዋ፣ "የድርጅቱ መመሪያ ሁለት አብራሪ ግድ ነው ካለ መዝግቢ። ካላለ ተሳፋሪ ነሽ" አለችኝ። የድርጅቱ ባለቤት መመሪያውን በፋክስ እልካለሁ አለ። አልላከም። መልሴን ግን እስከ ሐሙስ ይፈልጋል።

እራት ላይ ዝም ማለቴን ለአባዬ ነገርኳቸው። አክባሪ ልጅ ብለው የሚመርቁኝ መስሎኝ! ተቆጡ። "ከኢትዮጵያ ወጥተን በእግር ወደ ሱዳን ስንወርድ መሪያችን ሽማግሌ ነበሩ። መንገድ ሲስቱ፣ ይቅርታ አባቴ፣ በዚህ አይደለም አልኳቸው። ዝም ብል ኖሮ እዚህ እስራኤል እንደርስ ነበር?"

ረቡዕ

ሁለተኛ ሙከራ። ስንሄድ ተሳፋሪ ነበረን፤ ስንመለስ ባዶ። ኡሪ ስለ ልጅ ልጁ እያወራልኝ ከፍታውን አሁንም ሊያልፍ ሆነ።

"ይቅርታ ኡሪ፣ ከፍታ!"

አስተካከለ። "ቶዳ" ብሎ አመሰገነኝ፤ ቆይቶ ደግሞ፣ "እሑድስ የት ነበርሽ?"

ለካ ያውቃል! ሳቅኩ፤ እስክንወርድ ግን ዓይኔን ከከፍታ መለኪያው አልነቀልኩም።

ሐሙስ

ፋክሱ መጣ። ተሳፋሪ ካለ ሁለት አብራሪ ግድ ነው፤ ባዶ ከሆነ አንድ ይበቃል። ደጋግሜ አነበብኩት። እንግዲህ ዱዳ ሆኜ የተቀመጥኩበት እሑድ ይመዘገባል። አፌን የከፈትኩበት የትላንቱ መመለሻ አይመዘገብም። ሕግ ነው፣ ገብቶኛል፤ ግን አልገባኝም።

ከዚህ በኋላም ባዶ የምንመለስበት ሁሉ ለእኔ አይቆጠርም ማለት ነው። ለስንት ዓመት? አላውቅም። ለባለቤቱ ደውዬ እምቢ ልል አስቤ፣ "ቤሰደር፣ እሺ፣ እጀምራለሁ" አልኩት። ከዘጋሁት በኋላም ደግ አደረግኩ ወይስ ተሳሳትኩ እያልኩ ነው።

የእሑዱንና የትላንቱን መሄጃ መዘገብኩ። የትላንቱን መመለሻ ተውኩት። ዛሬ ለአባዬ የነገርኳቸው ግን ያልመዘገብኩትን መመለሻ ብቻ ነው።