ከግጥሙ በኋላ

ጥቅምት 2 ቀን 2007፣ እሑድ

ትናንት ገባሁ። እንቅልፍ የለም። ሰውነቴ ገና አዲስ አበባ ነው፣ ጭንቅላቴ የት እንዳለ እንጃ። ጠዋት ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አሸብር በመኪናው ስማይርናን፣ የአትላንታን ዳርቻ፣ አዞረኝ። ቤት፣ ዛፍ፣ ቤት፣ ዛፍ... በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አላየሁም። ሰዉ የት ገባ ስለው፣ መኪና ውስጥ ነዋ አለኝ።

ሚስቱ የሺ ደግሞ ደስታዋ ልክ የለውም። የሺእመቤት፣ የጎረቤታችን የእማማ እታገኝ ልጅ። አንድ ግቢ ነው ያደግነው። አሁን ኤርፖርት ፓርኪንግ ካሸር ናት። ለግጥም ፌስቲቫሉ ብላ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፣ እኔን ይዛ ልትዞር። የማታውቀውን ሐበሻ ሳይቀር ደውላ ጋብዛለች። "ጋሼ፣ ቅዳሜ አዳራሹን ካልሞላሁልህ የሺ አትበለኝ።"

ስለ እናቷ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እንዴት አገኘሃት? ትበላለች? ትንሽ ከስተዋል እንጂ ደህና ናቸው አልኩ። ዓይን ዓይኔን እያየች ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሻይ ልጨምርልህ አለችኝ።

የማልክደው ነገር... ልመጣ ስል እማማ እታገኝ የግቢው በር ላይ እጅጌዬን ያዙኝ። "ገናን አትጠብቂ፣ አሁን ነይ በላት። በስልክ ብላት ትደነግጣለች። አንተ ፊቷን እያየህ ንገራት።" እሺ እማማ ብዬ ነው የወጣሁት። የሺ ትኬት የቆረጠችው ለገና ነው። ዛሬ ልነግራት አስቤ፣ ያንን ፊት አይቼ ተውኩት። ነገ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

አልነገርኳትም።

ከጎረቤት ከተማ ከኬኔሶ አንዲት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መጥታ ስንለማመድ ዋልን። እኔ በአማርኛ፣ እሷ ተከትላ በእንግሊዝኛ። "የግቢው በር" ላይ ስንደርስ ሴትየዋ ማን ናት አለችኝ። መልስ ሳልሰጥ የሺ ከኩሽና ብቅ ብላ "ማይ ማም!" አለች። እውነቷን ነው። ግጥሙ ስለ እማማ እታገኝ ነው፣ ሲመሽ የግቢውን ልጆች በየስማችን እየጠሩ ስለሚያስገቡት። አምሽታ የምትመጣዋም ራሷ የሺ ነበረች።

ብነግራት ትሄዳለች። አውቃታለሁ፣ በነጋታው ነው የምትሳፈረው። ከሄደች ቅዳሜ ማን ይመጣልኛል? መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን እዚህ ለማን እዋሻለሁ? ደግሞ የትኛው እናት ነው አሁን ነይ የማይል... ቅዳሜ፣ ከግጥሙ በኋላ እነግራታለሁ። በጥቂት ቀን ምን ይለወጣል?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

እማማ እታገኝ አረፉ።

ትናንት ነው። አሸብር አንድ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ነገረኝ። ከአዲስ አበባ የደወሉት ለሱ ነው። የሺ አልሰማችም። መርዶ እንዲህ በስልክ አይነገርም፣ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ቤቷ መምጣት አለበት። ጋሽ ዘገዬ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሰው አዘጋጅተዋል። የቀረው ቀኑን መወሰን ነው።

"ነገ ጠዋት እናርዳት ብለው ነበር" አለ አሸብር፣ መሪውን እንደያዘ። "ሆልድ አድርጉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው ኢንቫይት ያደረገችው ላንተ ነው። ቀብሩ እንደሆነ ዛሬ አልቋል፣ አትደርስበትም። እሑድ ጠዋት ቢሆንስ? አንተ ምን ትላለህ?"

ምን አልኩ? "እናንተ እንዳላችሁ።" እናንተ እንዳላችሁ! እንዲህ ስል ፊቴን አጥቁሬ ነበር። ውስጤ ግን እፎይ ነው ያለው። ሰማሁት።

መልእክቱን ለአሸብርም አልነገርኩትም። እንደደረስኩ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ትደርስላቸው ነበር። ይህን እያሰብኩ ከጎኑ ቁጭ ብዬ፣ ሬዲዮው ስለ መንገድ መጨናነቅ ያወራል፣ እኔ አዳምጣለሁ።

ምሳ ላይ የሺ እናቷ ጋ ደወለች። አይነሳም። ኔትወርክ ነው አላት አሸብር። አገራችን ኔትወርክ የሚባል ነገር ባይኖራት ሰው በምን ይዋሽ ነበር?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የፌስቲቫሉ መክፈቻ። ዳውንታውን፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ። መክብብ የሚል ስሜን ደረቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ከቺሊ የመጣ አንድ ሽማግሌ ገጣሚ ወረቀት ሳይዝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አነበበ። ቀናሁበት። በሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬው አመሽ ነበር።

በውይይቱ ላይ አንዷ፣ በአገራችሁ ግጥም ለምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀችኝ። ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው አልኩ። አጨበጨቡ። የሺ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። ወደ መሬት አየሁ።

ከአዳራሹ ስንወጣ እንደገና ደወለች። አይነሳም። "ጎረቤት ልደውል እንዴ?" አለችኝ። አሁን እዚያ ሌሊት ነው፣ ሰው አትቀስቅሺ አልኳት። አሁንስ አሸብር አይደለም የዋሸው፣ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። የኛ ሰው ከሮዝዌል፣ ከየት ከየቱ መጣ። መድረክ ላይ ቆሜ ልቤ አበጠ፣ ልደብቀው አልችልም። በኋላ ነው የገባኝ። ማንም እኔን አያይም። ሁሉም የሚያየው ፊት ወንበር ላይ ነጭ ለብሳ የተቀመጠችውን የሺን ነው። ከሷ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

"የግቢው በር"ን ልዘለው ፈልጌ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል፣ አስተማሪዋም ወረቀቷን ይዛ ተነስታለች። አነበብኩ።

ሁሉን ልጅ አስገብታ አንዲቷ ጎድላባት፣
በሩን አልዘጋችም እስክትመጣላት።

የኛ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ወጣች። የሺ ብቻ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ እየቀረጸች፣ በሌላው እንባዋን እየጠረገች እልል አለች። እልልታዋ ብቻውን ነበር። የሚያግዛት ጠፋ። ፈረንጆቹ ብቻ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

መኪና ውስጥ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። "ለእማዬ ነው የምልክላት። ግጥሟን ስትሰማ እኮ..." አሸብር መስኮቱን ከፈተ።

ከግጥሙ በኋላ እነግራታለሁ ያልኩት ዛሬ ነበር።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሳይነጋ መጡ። መኪኖቹ መብራታቸውን አጥፍተው በመንገዱ ዳር ተሰለፉ። ጋሽ ዘገዬ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፣ በሌሊት ልብሷ። ጋሽ ዘገዬ "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" ከማለታቸው በፊት ገባት።

ዞር አለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ለብሼ፣ ጫማዬን አጥልቄ ቆሜያለሁ። ጫማዬን አየችው። ከዚያ አሸብርን አየችው፣ እሱም ለብሷል። ከዚያ ወደቀች።

እዬዬው ጋብ ሲል የተናገረችው አንድ ነገር ነው፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

"እናቴ አፈር ውስጥ ሆና ነው ትናንት እልል ያልኩት?"

ሴቶቹ ደግፈው ከወለሉ አነሷት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሰው ሳህን በሳህን ምግብ ያመጣል። ከፌስቲቫሉ መልእክት ደረሰኝ፣ ንባቤ ከሁሉም ልብ የነካ ነበር ይላል። አጠፋሁት።

ከሰዓት ሰው ሲቀንስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልናገር። ቃል አጣሁ፣ እኔ በቃል እንጀራዬን እበላለሁ የምለው ሰው። የሺ፣ እናትሽ አንድ ነገር... ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለች።

ምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት።

"በመጣህ ቀን ደውዬላት ነበር። ቃል በመክብብ ልኬልሻለሁ፣ እሱ ይነግርሻል አለችኝ። ምንድን ነው ብላት እምቢ አለች።" ድምፅዋ ጎርንኗል። "በየቀኑ እንዴት ናት የምልህ እኮ ለዚህ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ሐሳቡ ግጥሙ ላይ ነው፣ አላጣድፈው አልኩ። ግጥሙን ይጨርስ አልኩ።"

እኔ እሷ እንዳትከፋ ብዬ፣ እሷ እኔ እንዳልጨነቅ ብላ፣ አሸብር ለሁለታችን ብሎ... ግን የኔው ለሷ ብዬ አልነበረም። ይሄን ጽፌዋለሁ፣ ወደ ኋላ ገልጦ ማንበብ ነው። ልነግራት አፌን ስከፍት ሌሎች ለቀስተኞች ገቡና ሁላችንም ተነሳን።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

አትላንታ ኤርፖርት።

አሸብር የሷን የገና ትኬት ለዛሬ አስለውጦ፣ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሂድ ብሎ ከኔ ጋር አንድ አውሮፕላን ላይ አሳፈራት። አጠገቧ የሚቀመጥ ዘመድ በመገኘቱ አመሰገነኝ። እኔን! እጁን ስጨብጠው ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ከቤት እስክንወጣ፣ ፍተሻውንም እስክናልፍ አልተናገረችኝም። መሳፈሪያው በር ጋ ወንበር ይዘን ትንሽ እንደቆየን፣ መስታወቱን እያየች፣

"በል አሁን ንገረኝ" አለች። "እንዳለችው አድርገህ።"

መጀመሪያ የኔን ነገርኳት። ያልነገርኩሽ ከሄድሽ ቅዳሜ የሚመጣልኝ ሰው አይኖርም ብዬ ነው አልኳት። ይቅር አላለችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። እሱን አልጠየቅኩህም፣ የሷን ንገረኝ አለች።

ዞሬ ፊቷን አየሁ። እንደዚያ ነበር የታዘዝኩት። "ገናን አትጠብቂ፣ አሁን ነይ በላት" አልኩ።

ዓይኗን ጨፈነች።

"እሺ እማዬ፣ መጣሁ።"

ተሳፋሪ እየተጠራ ነው። ቦርሳሽን ልያዝልሽ አልኳት። እምቢ ብላ ራሷ ይዛ ሰልፉ ላይ ቆማለች።