ስለ እሜቴ መጸዳጃ ለታላቅ እህቴ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ታላቅ እህቴ፣ የቤተሰባችን ግሩፕ መሥራችና ብቸኛ አዛዥ፤
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የድመታችንን መጸዳጃ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እኛ መቼም በየሰዓቱ ከስልክዎ ላይ እንደሚያነቡት ደህና ነን፤ በተለይ ሆዳችን ደህና ነው። እኔና እርስዎ አባታችንን አንተ እያልን ያደግን ልጆች ብንሆንም፣ በቅርቡ ከደረሱበት ሥልጣን አንጻር እርስዎን አንቺ ለማለት አንደበቴ ስላልደፈረ ይህን በትሕትና እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን ለብቻዎ ሳልልክ አክስትና አጎት፣ የአክስትና የአጎት ልጅ ሁሉ በሚያየው ግሩፕ ላይ ማውጣቴም፣ እርስዎ እኔን የሚገሥጹኝ እዚሁ አደባባይ ላይ ስለሆነ መልሱ ከክሱ ርቆ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች እንደሚባል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማሽተት ግድ ሆኖብኛል።

ነገሩን ከመሃል ለሚሰሙ ዘመዶች ባጭሩ ላስረዳ። የስልክ መስመር ጠጋኝ ሆኖ በየምሰሶው ላይ ሲንጠላጠል ያረጀው አባታችን እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ እሜቴ የሚላት ወፍራም ድመቱም አብራው መጥታለች። እኔ ልብስ ሰፊ ስሆን የምሠራውም እዚሁ ቤት፣ በፊተኛው ክፍል ነው። እሜቴ የምትጸዳዳው ኮሪደሩ ጥግ ላይ በነበረ አሮጌ ሳፋ ነበር። አባዬ የሳፋውን አንድ ጎን እንዳትቸገር ብሎ በቢላ ዝቅ አድርጎ ቆርጦላት፣ ቤት ከሚሠራው ጎረቤት አሸዋ እየለመነ ይሞላና ጠዋት ጠዋት በተሰበረ ጭልፋ ያጸዳዋል። ድመቷም አባዬም ሳፋውም ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ከዚያ እርስዎ ለአንድ ቀን ሊጠይቁን መጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ አፍንጫዎን በሻርፕዎ ያዙ፣ ተመልሰው ከሄዱ በኋላም ትእዛዝ ይዘንብ ጀመር።

አንደኛ፦ መጀመሪያ ስለላኩልን፣ ክዳንና ተወዛዋዥ በር ስላለው መጸዳጃ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ከእኔ መኝታ ክፍል በር ይልቅ የእሱ በር ይገጥማል። ሲመርጡት ግን ድመቲቱን በሐሳብዎ ቀጭን አድርገዋት ኖሯል። እሜቴ ጭንቅላቷንና የፊት እግሮቿን አስገብታ የቀረውን ከውጭ አስቀረችው፤ ሥራው የሚሠራው ደግሞ በቀረው በኩል ስለሆነ ውጤቱ ኮሪደሩ ላይ ዋለ። ይህንኑ በአክብሮት ባሳውቅዎ ድመቲቱ ምግብ እንድትቀንስ አዘዙ።

ሁለተኛ፦ አሸዋ ኋላ ቀር ነው ብለው አበባ አበባ የሚሸት ጠጠር በከረጢት ላኩልን፤ አሮጌው ሳፋም ዛሬውኑ ይጣል አሉ። ለአባዬ ነገርኩት፣ እሺ አለ። እሜቴ ጠጠሩን አሸተተችው፣ አስነጠሳት፣ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያም ቀስ ብላ ሄዳ ለትምህርት ቤት ላስረክብ ተኩሼ የደረደርኩትን የተማሪ ሱሪ መረጠች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል እሰማ ነበር፤ ምንኩስና ያልቻለውን እርስዎ በአንድ ከረጢት ጠጠር ችለው ዓመሏን ስላስረሷት፣ በእኔም በሱሪዎቹም ስም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ትልቁ ስጦታዎ እመጣለሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ድመት ገብታ በወጣች ቁጥር እያጉረመረመ ራሱን በራሱ አዙሮ የሚያጸዳው፣ ሲጨርስም እርስዎ ስልክ ላይ መልእክት የሚልከው ማሽን ማለቴ ነው። ለካውያዬ የነበረውን የኮሪደሩን ሶኬት ወስዶ ሲሰየም፣ እሜቴ የመጀመሪያውን ቀን ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ ዋለች። አባዬም ጭልፋውን ይዞ ማሽኑ ፊት ቆሞ የሚጸዳ ነገር ሲያጣ፣ ታዲያ እኔ ጠዋት ምን ልሥራ ብሎ ጠየቀኝ። ያም ሆኖ ብዙ ያየች አሮጊት ናትና ድመቲቱ ለመደችው። እርስዎም መሥሪያ ቤትዎ ተቀምጠው፣ የመምሪያ ስብሰባ እየመሩም ቢሆን፣ እሜቴ መቼ እንደገባችና ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ከእኛ ቀድመው ማወቅ ጀመሩ። እሁድ እሁድ ደውሎ ደህና ናችሁ ወይ ማለት የቀረውም ያን ጊዜ ነው። ለምንስ ይደውላሉ፤ ማሽኑ ሁሉም መልካም ነው ይላል። አባዬ ጉንፋን ጥሎት አልጋ ላይ በሰነበተበት ሳምንት እንኳ የድመቷ ሆድ ደህና ስለነበረ ከእርስዎ በኩል ድምፅ አልተሰማም።

አራተኛ፦ አንድ ቀን የሰፈሩ መብራት ጠፋና ማሽኑ ዝም አለ። ብዙ ሳይቆይ የአባዬ ስልክ ጮኸ፤ ድመቷ በሕይወት አለች ወይ ብለው ነበር የደወሉት። እሱ ስለ ድመቷ ተጠይቆ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቱ ግንብ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ከምሰሶ ሥር ቆመው ውረድልኝ እያሉ ስላለቀሱት ልቅሶ ሁሉ ነገረዎት። ስልኩን ዘግቶ ሲዞር ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መብራት እያለም ማሽኑ ዝም ማለት አበዛ። እርስዎም በደወሉ ቁጥር በደለኛው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ለካውያው ሲል ማሽኑን እየነቀለ ምስኪን እንስሳ የሚያሠቃይ ብለው ጻፉብኝ፤ አክስታችን የተጋጠሙ የጸሎት እጆች ላከች፣ አጎታችን አውራ ጣቱን አቆመ። በአደባባይ እንዲህ ስሜን ሲያጠፉ ተናድጃለሁ፤ መናደድ ብቻ አይደለም፣ አንጀቴ አሯል። ይባስ ብለው አሁን ደግሞ ማሽኑ የሚቆጥረው ምልልሷ ስላነሰ ድመቲቱ የሆድ በሽታ አለባት፤ ስለዚህ ቅዳሜ መኪና ተልኮ ሰፊ ግቢ ላላቸው የሥራ ባልደረባዎ ትሰጣለች ብለው ወስነዋል። አባዬ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል በቅጡ አልበላም።

አምስተኛ፦ ይህ አቤቱታ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ስሜን ለማጥራት ስል ሶኬቱን ማን እንደሚነቅለው ልጠብቅ ቆረጥኩና ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ ኮሪደሩን ስመለከት ዋልኩ። አባዬ ግድግዳውን ይዞ፣ ያን የሚያመውን ጉልበቱን እያባበለ በርከክ አለና ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ተጥሏል የተባለውን አሮጌ ሳፋ ከአልጋው ሥር ጎተተው፤ አዲስ አሸዋ ሞልቶበታል። እሜቴ ገባችበት፣ ጫረች፣ ጉዳይዋን ጨረሰች። ምንም በሽታ የለባትም። እኔ ወጥቼ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ተያዝኩ ብሎ እንኳ አላፈረም፤ መስመር ደህና ሲሆን ማንም አያስታውሰውም፣ ሲቆረጥ ግን ወዲያው ሰው ይመጣል አለኝ። ይህን ብሎ ጭልፋውን አነሣ።

ስለዚህ በከፍተኛ አክብሮት የምለምነው ድመቲቱ ካለችበት እንዳትነሣ፣ ትክክለኛው መጸዳጃ አንድ ጎኑ የተቆረጠው ሳፋ መሆኑ እንዲታወቅልንና ከአልጋ ሥር ወጥቶ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ማሽኑን ግን አደራዎን አይውሰዱብን፤ ለድመት ባይሆን ለአባዬ ይሠራል። የአባዬ ስልክ ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ቀፎ በመሆኑ ግሩፑን ስለማያይ፣ ይህን ያነበበ ዘመድ ሁሉ አፉን እንዲይዝልኝ አሳስባለሁ።

ሻርፕዎ ከአፍንጫዎ፣ ስልክዎም ከእጅዎ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣

በትእዛዝዎ ሥር ያለሁት፣ ካውያዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ሶኬት የምጠብቀው
ታናሽ ወንድምዎ

ግልባጭ፦
ለአክስታችን፣ እጆቿን ለጸሎት ከማጋጠሟ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነብ

ማሳሰቢያ፦ እትዬ፣ እርስዎ ማለቱ ደከመኝ። አባዬ ዛሬም ነቅሎታል፤ ማሽኑ ዝም ማለቱን እስካሁን ስልክሽ ላይ አይተሻል። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሑን ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ነው። ስትደውዪ እንደ ልማድሽ ስለ ድመቷ ቀድመሽ ጠይቂው። ስለ እሱ ከጀመርሽ፣ ስላልለመደው፣ አንቺ የታመምሽ መስሎት ይደነግጣል።