ሁለተኛው ታንከርና የእማዬ ቃል

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ደጅሽ ድረስ ይግባልኝ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የዚያ የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት አሁንም ደረትሽን ያፍንሻል ወይስ አለቃሽ ቃሏን ጠብቃ ወደ መተኮሻው ክፍል አዛወረችሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን ልበልሽ። ባለቤቴ ወገቤን ወገቤን ይላል፤ መጋዙን ሲይዝ ግን ይረሳዋል። እኔም ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤን ግን አትጠይቂኝ፤ የእሱን ነገር ለመንገር ነው ወረቀት ያነሳሁት።

የላክሽው የእማዬ ፎቶ ደርሶናል። ፍሬሙ ያምራል። ከሥሩ ያስጻፍሽውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ስሜን ጠርታ ያረፈች እናቴ» ይላል። ባለቤቴ ምስማሩን በአፉ ይዞ «የት ልስቀለው?» ቢለኝ «ቆይ» አልኩት። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። የእኔን ወሬ ታውቂው የለ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ አይደርስም፤ ታገሺኝ።

አምና ስትደውዪ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ አላደማምጠን ቢል፣ «የታመመች እናት ባለችበት ቤት ይሄን ጋኔን ታስጮሃላችሁ?» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ቂም አልያዝኩም፤ እውነትሽን ነበር። የእማዬን ክፍልና መሥሪያ ክፍላችንን የሚለያቸው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ወንበሩን ይሠራል፣ እኔ ቫርኒሹን እረጫለሁ፤ ለመርጫው አየር የሚሰጠኝ ያ ማሽን ነው። አየር የሚያጠራቅምበት ሆዱ ትንሽ ስለነበረ አንድ ወንበር ሳልጨርስ ይጎድልና ሊሞላ ይነሳል። ሦስት ደቂቃ ይጮሃል፣ ጥቂት ያርፋል፣ ደግሞ ይጮሃል። እማዬ በተነሳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መጣ» ትላለች፤ ማሽኑን እኮ ነው።

ከዚያ ስልክሽ በኋላ ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስብ ሰነበተ። ሲያስብ ምግብ እንደሚዘጋው ታውቂያለሽ። በሦስተኛው ቀን፣ «ሞተሩን ዝም ማሰኘት አልችልም፤ ሆዱን ግን ማስፋት እችላለሁ» አለኝ። ነገሩ ሌላ የአየር ታንከር ፈልጎ ከአሮጌው ጋር በጎማ ቱቦ ማገናኘት ነው፤ ብዙ አየር ከተጠራቀመ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ አይነሳም። መጀመሪያ ያገኘውን ተሸክሞ ጎረቤታችን በያጁ ዘንድ ወሰደው። በያጁ በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ ሰማውና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ውስጡን ዝገት በልቶታል፤ አየር ሲሞላ ይፈነዳል። አማትህን ከጩኸት ልትገላግል ነው ወይስ ከነቤቷ ልትገላግላት?» አለው። ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሳቀበት። ሁለተኛውን ከተዘጋ ጎሚስታ ቤት አመጣው፤ ሞተሩ የተቃጠለ፣ ታንከሩ ግን ጤነኛ፣ የእኛን ሁለት እጥፍ የሚሆን። በያጁ ውሃ ሞልቶ በግፊት ፈተነውና፣ «ይሄን እንኳ ለገዛ እናቴም እገጥመዋለሁ» ብሎ ገጠመልን።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጠዋት እማዬን ግቢ ፀሐይ ላይ እናስቀምጥና ማሽኑን እንሞላለን፤ ስትገባ እናጠፋዋለን። በተጠራቀመው ብቻ ሦስት ወንበር እረጫለሁ፤ መርጫው እፍፍ ከማለት በቀር ድምፅ የለም። እማዬ በግድግዳው ማዶ ወሬ እንደምትወድ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት ኖረን፣ ለካ ሳንጨዋወት ነው የኖርነው። «ማነሽ፣ አለሽ?» ትለኛለች። «አለሁ እማዬ» እላለሁ። «የማንን ወንበር ነው?» ትላለች። የአስተማሪዋን ነው ስላት፣ «እሷማ መቼ ትቀመጥበታለች፣ ስትዞር ነው የምትውለው» ትለኛለች።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ልብ ሳንለው ቀረን። ሆዱ የሰፋ ማሽን ለመሙላትም ያንኑ ያህል ይቆያል። ሦስት ደቂቃ የነበረው ጩኸት አሥር ደቂቃ ሆነ። እማዬ ውጭ ስለምትሆን ማን ይቆጥረዋል?

ያን ቀን ጠዋት ዘነበ። ግቢ ላወጣት አልቻልኩም። የስምንት ወንበር ባለቤት ደግሞ ከሰዓት ሊወስድ ይመጣል። ገብቼ ብርድ ልብሷን አስተካከልኩ፣ በኩባያዋ ውሃ አስቀመጥኩላት፣ «እማዬ፣ ዛሬ ትንሽ ይጮሃልና ቻዪኝ» አልኳት። «ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። ሄጄ አስነሳሁት። የአየሩን ልክ የሚያሳየው የጌጁ ቀስት ቀስ እያለ ሲወጣ እያየሁ ቆምኩ። ሞልቶ ሲጠፋ «አለሽ?» እስክትለኝ ጠበቅሁ። ዝም አለች። «እማዬ» አልኩ። ስገባ ኩባያዋ መሬት ወድቋል፣ ውሃው ፈሶ በሩ ጋ ደርሷል። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ እኔ በኩል አዙራለች። ሄዳለች።

ከሰዓት መርዶውን ሰምተሽ ደውለሽ እያለቀስሽ «ምን አለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ያንቺን ስም ጠራች» አልኩሽ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ። «ይሄ ይበቃኛል» አልሽ፤ ያ ቃልሽ ነው እስከ ዛሬ አላስበላ አላስጠጣ ያለኝ። እታለም፣ ምን እንዳለች አላውቅም። ያንቺን ስም ጠርታ ይሆናል። እኔን ጠርታ ይሆናል። ውሃ ብላም ይሆናል። ማሽኑ እየሞላ ነበር፣ አልሰማኋትም። በስልክ እንዳልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ ስለ ልጆችሽ ጠይቄ ዘጋሁት፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ባለቤቴ ጥፋቱን ወደ ራሱ ወስዶ ታንከሩን ሊነቅል መፍቻ ይዞ መጣ። እንዳይነካው ከለከልኩት። በእሱ የተነሳ ሰባት ወር አውርተናል። አሁን ሲሞላ መርጫዬን አስቀምጬ እማዬ ክፍል ገብቼ እቀመጣለሁ። አሥሩን ደቂቃ ምንም አይሰማም፤ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ደጋግሜ አረጋግጫለሁ።

ስላንቺ በጆሮዬ የሰማሁትን ልስጥሽ፤ ይሄ ውሸት የለበትም። አንድ ቀን በግድግዳው ማዶ፣ «ታላቅሽ ስታኮርፍ አትናገርም፣ መጥረጊያ ነው የምታነሳው። እንግዳ ሊመጣብኝ ሲል ሆን ብዬ አስኮርፋት ነበር፤ ቤቱን መስተዋት ታደርገዋለች» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል እስኪዞር ሳቀች። ከዚያ ሳሏ ሲበርድላት፣ «አስኮርፌያት ይሆን የሄደችው?» አለችኝ። «ሥራ ፍለጋ ነው የሄደችው እማዬ» አልኳት። «እሱስ ነው» አለች።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ ይገባኛል። ብቻ ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ፣ ዝም አትበዪኝ።

ለባለቤትሽ እጅ ነሺልኝ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ በያት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ ይበርታ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል፣ በያጁም «ያቺ ስልክ ላይ የምትቆጣው እህትሽ» እያለ ይጠይቅሻል። ትንሿን ልጅሽን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ባለፈው ስልኩን ነጥቃሽ፣ «አክስቴ፣ አያቴ እውነት የእማማን ስም ጠራች?» ብትለኝ ጨዋታ ቀየርኩባት። ልጅ ናት፣ እንደያዘችው ይቆይላት ብትዪ አልቃወምም። አንቺ ግን ታላቄ ነሽ፤ አንቺን ዋሽቼ መኖር አቃተኝ።

ታናሽሽ፣
ከእማዬ ቤት፣
ኅዳር 23 ቀን