ከመፈክሩ በታች

ይድረስ ለእናቴ፤

ይህን ዘርፈሽ እህቴ ታንብብልሽ እንጂ የቀበሌው ጸሐፊ እንዳያየው አደራ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ብቻዬን መሆኑ ነው የጎዳኝ።

ያ ብርቱካን ይዞልሽ የመጣው የሥራ ጓደኛዬ ሊበን ታስሯል። ሰርቆ እንዳይመስልሽ።

ፋብሪካችን ኮምፒዩተር እንደገባለት ነግሬሽ ነበር። ማሽኑ የትእዛዝ ጽሑፍ ሲሰጡት አስቀድሞ የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ነው። እኔ ዘርፈሽን ከላይ እንደጠራኋት ሁሉ ጽሑፉን ማን እንደሚያነብለት እዚያ ይጻፍለታል። አንባቢዎቹ ብዙ ናቸው፤ ቋንቋቸውም አንድ አይደለም። የአንባቢውን ስም እላይ ካጣ፣ ሼል የሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ ለለመደው አንባቢ ይሰጠዋል። ሁለተኛው መስመር ላይ ቢጻፍማ እንደ ተራ ማስታወሻ ያልፈዋል።

ካድሬያችን ጓድ አየነው ሊበን ያዘጋጀውን የደመወዝ ማስሊያ የትእዛዝ ጽሑፍ አየና፣ መፈክር የሌለበት ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም አለ። ሊበን ከግርጌ ላድርገው ብሎ ለመነው።

«ኢትዮጵያን ከማን በታች ልታደርጋት ነው?» አለው።

ሊበን «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን በላቲን ፊደል አናቱ ላይ ጻፈው፤ የአንባቢው ስም ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ። ማሽኑም ጽሑፉን ቋንቋውን ለማይችል አንባቢ ሰጠውና ደመወዝ ሳይወጣ ቀረ። ሠራተኛው ሲያጉረመርም አየነው አሻጥር ነው አለ። ሊበን መፈክሩን ላውርደውና ይስተካከላል ቢል፣ ያው ቃሉ ማስረጃ ሆነበት።

አየነው መፈክሩን ሲያስጽፈው ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነሱና እኔ፣ ሦስታችን ብቻ ነን። ከዚያ ወዲህ የደቻቱን ድልድይ ስሻገር የሚያውቁኝ ሰዎች ሰላም አይሉኝም። ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ። ጎረቤቴ ኻድራ ብቻ ብቅ ትላለች፤ እሷም «አቦ ዝም በይ፤ አንቺ ደሞ ምን አገባሽ?» ትለኛለች። ምን እንዳገባኝ ልነግራት አልቻልኩም። ላንቺም እስካሁን አልነገርኩሽም።

እፈራለሁ እማዬ። ዝም ካልኩ እሱ በሐሰት ታስሮ ይቀራል፤ ከተናገርኩ ደግሞ መፈክር ሥራ አበላሸ ያለች እኔ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ትዪኝ ነበር። እኔ ግን ነቀዝኩ።

ማክሰኞ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። የቤቴን ቁልፍ ለኻድራ ሰጥቻታለሁ።

የምትልኪልኝን በሶ በዚህ ሳምንት ባቡር በእሷ ስም ላኪው። ለሁለት ሰው የሚበቃ ይሁን፤ ስኳርም ጨምሪበት፣ ሊበን ጣፋጭ ይወዳል። የት እንደምታደርስልን እሷ ታውቃለች።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ምርቃትሽ አይለየን።

ልጅሽ