ከፕሪንተሩ ሥር ያለችው የእናቴ ወረቀት

ሲቀላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገነነ ጋሻዬ
የሰፈራችን እድር ጸሐፊ
ባሉበት

በቅድሚያ እርስዎ፣ ባለቤትዎና አምና የተገዛው የእድራችን ኮምፒውተር እንደምን ከርማችኋል? በተለይ የኮምፒውተሩ ጤና ሁላችንንም ያሳስበናል። አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ሸፍነው እንደሚያስቀምጡት አይቻለሁ። እናቴ አራት ወር ስትታመም ከእድሩ አንድም ሰው መጥቶ ጠይቋት ስለማያውቅ፣ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ከእርስዎ ሊገኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

እኔ የወይዘሮ አበቡ ኦይታ ልጅ ምሥጋና ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት፣ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋው። በእናቴ ቀብር ዕለት አፌን መክፈት ስላቃተኝ ዛሬ በጽሑፍ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ፤ ምስጋናዬም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡኝ ትምህርት። እናቴ መዳን እንደማትችል ስታውቅ፣ ቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን ራሷ ነግራ አስጻፈችኝ። ገረሴ መወለዷን፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ወደ አርባ ምንጭ መውረዷን፣ ሴቻ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ማጠቧን፣ ሁለት ልጆች ቀብራ እኔን ማሳደጓን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስንጨርስ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝና ከታች ስሟን ጻፈች። ደመወዝ ስትቀበል ሁልጊዜ በአውራ ጣቷ የምትፈርም ሴት ነበረች፤ ስሟን ያስተማርኳት በዚያው በሕመሟ ወራት ነው። ሦስት ፊደል ናት፤ የመጨረሻዋ «ቡ» ከመስመሩ ወርዳለች። እናቴ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በእጇ ጽፋ ያስቀረችልኝ ሌላ ነገር የለም።

ያረፈች ዕለት ወረቀቷን ድንኳኑ ውስጥ ሳስረክብዎ በሁለት ጣትዎ ይዘው ከፍ አደረጓትና፣ ለቀስተኛው እየሰማ፣ «በእጅ የተጻፈ? ይሄ እኮ የቤት ሥራ አይደለም የእኔ ልጅ፤ ኮምፒውተር እያለን ሰው ፊት ልታዋርጂን ነው?» አሉኝ። አጠገብዎ የተቀመጡትም ሳቁ። እናቱን ያጣ ሰው በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው የጽሑፍ ጥራት መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ለእናቴ ስለ ሰጧት ማዕረግ። መቃብሯ አፍ ላይ ቆመው ከነጭ ወረቀት ባነበቡት መሠረት፣ እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት በከባድ መኪና ሾፌርነት አገሯን አገልግላለች፤ ጭነት ይዛ አሰብ ድረስ ተመላልሳለች፤ በጽዋ ማኅበሯም የተከበረች ነበረች። ፓስተራችን «ጽዋ» የሚለውን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። በመጨረሻም አንዲት ሚስትና ስድስት ልጆች ትታ መሞቷን አረዱን። እናቴ ከታች ከሲቀላ ሽቅብ ወደ ሴቻ በሚኒባስ ስትሄድ ስለሚያስመልሳት፣ ያንን ዳገት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእግሯ የወጣች ሴት ናት። በሕይወቷ ያላገኘችውን መንጃ ፈቃድ በሞቷ ስለ ሰጧት እግዜር ይስጥልኝ።

ባለሱቋ ጎረቤታችን ወይዘሮ ኸይሪያ ከኋላዬ ሆነው፣ «ኧረ ይሄ የጋሽ ተክለጻድቅ ነው! ኧረ አስቁሙት!» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነበር። ሾፌሩን ጋሽ ተክለጻድቅን ከቀበርን ገና ሦስት ሳምንታችን ነበር፤ እርስዎም ኮምፒውተሩ ላይ የእሳቸውን ጽሑፍ ከፍተው ስሙን ብቻ ነበር የቀየሩት። ያስቆመዎት ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላስቆምኩዎትም፤ ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም፤ እርስዎ ግን ራስዎን ይቅር ለማለት እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ እንዳልፈጀብዎ ድንኳኑ ውስጥ ሲበሉ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ለወረቀቷ ስለ ፈለጉላት ሥራ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ልወስዳት ቢሮዎ ስመጣ፣ አራት ቦታ ታጥፋ ከፕሪንተሩ ግራ እግር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ከመስመር የወረደችው «ቡ» በጠርዙ በኩል ትታያለች። እጄን ስዘረጋ፣ «ተይ፣ ካወጣሻት ይንቀጠቀጣል። ደግሞ ታሪኩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ወረቀቱ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። እጄን ሰብስቤ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን ሾፌሩ ነው፤ እናቴ ያለችው ከፕሪንተሩ ሥር ነው።

ኮምፒውተሩን አልወቅስም፤ የነገሩትን ብቻ የሚጽፍ ዕቃ ነው። ያንኑ ወረቀት እያዩ ቢተይቡት ኖሮ፣ ሩቅ ያለውም ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማ ነበር፤ ወረቀቷም ተመልሳልኝ ሁለቱም ይኖሩኝ ነበር። ለዚህ ያስፈልግ የነበረው አንድ ገጽ ማንበብ ብቻ ነው። እድሩ ለኮምፒውተሩ ሲያዋጣ፣ ለእርስዎ ማንበብ የሚችል ሰው መቅጠሩን መርሳቱ የሁላችንም ጥፋት ነው።

ስለዚህ በፊታችን እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ወረቀቷን ከፕሪንተሩ ሥር አውጥተው በአባላቱ ፊት እንዲያስረክቡኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔም እዚያው ቆሜ አነባታለሁ። ድምፄ ቢጠፋ ወይዘሮ ኸይሪያ ሊያነቡልኝ ቃል ገብተዋል።

የእጅ ጽሑፍ የሚያሳፍርዎ፣ በእናቷ የማታፍረው፣
ምሥጋና ዕዝራ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ሊቀ መንበር፣
ለፓስተራችን፣
ለጋሽ ተክለጻድቅ ባለቤት፣ ታሪካቸው ተወስዶ በሰው መቃብር ላይ ስለ ተነበበ፣
ለእድሩ ዕቃ ቤት በር፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው።
(ሁሉንም አንድ በአንድ በእጄ ገልብጫለሁ፤ የማንም ስም ከማንም ጋር አልተቀያየረም።)

ማሳሰቢያ፦ የእናቴ ወረቀት ስትወጣ ፕሪንተርዎ እንዳይንቀጠቀጥ፣ በልኳ አራት ቦታ የታጠፈ ምትክ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የእርስዎ የሕይወት ታሪክ ነው። ለሰው ያደረጉትን መልካም ነገር ሁሉ ጎረቤት ጠይቄ ጻፍኩ፤ ሁለት መስመር ብቻ ስለ ሆነ፣ ውፍረቱ እንዲበቃ ሦስት ባዶ ወረቀት ጨምሬበታለሁ። የሚቀረው ቀኑን መሙላት ነው።